ነፃ ቀዶ ጥገና በሚሽን ሆስፒታል፦ ጥያቄና መልስ

ክርስቲያናዊ የሕክምና ቡድኖች ከውጭ መጥተው በአዲስ አበባ ዙሪያ ነፃ ቀዶ ጥገና ሲያዘጋጁ፣ ከአለም ገና፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ የሚነሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ ስለ ከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ ስለሆኑ እዚያ ላይ ረዘም ብያለሁ።

ጥያቄ (አለም ገና)፦ ልጄ ሁለት ወር ተኩል ሆኗታል፣ ከንፈሯም ላንቃዋም የተሰነጠቀ ነው። አሁን ይሠራላታል?

መልስ፦ ከንፈሩ አዎ፣ ኪሎዋ ከደረሰ። ሐኪሞቹ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ ዕድሜ 10 ሳምንት፣ ክብደት 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያ) 10። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ኪሎው ነው። ላንቃዋ የተከፈተ ሕፃን ጡት ብትይዝም መሳብ አትችልም፤ እናት ቀኑን ሙሉ አጠባሁ ትላለች፣ ሕፃኗ ግን ትከሳለች። ስለዚህ እህቴ፣ ወተትሽን አልበሽ፣ ልጅሽን ቀና አድርገሽ ይዘሽ፣ በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ስጫት። አንዱ ምግብ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ሲረዝም ያገኘችውን በድካም ትጨርሰዋለች። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ አስመዝኛት። ላንቃው ተራው ዓመት ሲሞላት አካባቢ ነው፤ ሁለቱንም ባንድ ቀን ሥሩልኝ ብለሽ አታስጨንቂያቸው። እንጥሏ ይቆረጥ የሚል ሰው ከመጣም በጭራሽ እንዳትፈቅጂ። መድማቱ ሳያንስ፣ ሐኪሙ ላንቃውን የሚገጥመው እዚያው ባለው ሥጋ ነው።

ጥያቄ (ቡራዩ)፦ ካርዱ ላይ «8:00» ይላል፣ ባዶ ሆዱን ይምጣ ተብሏል። ከስንት ሰዓት ጀምሮ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን እናጥራ። ካርዱን የጻፈው ፈረንጅ ከሆነ 8:00 ማለት በኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 መስሏት ልጇን አጥብታ የምትመጣ እናት በየዘመቻው አትጠፋም። በዚህ ስሌት ቅባት ያለው ምግብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የለም። የላም ወይም የዱቄት ወተት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ ሌሊቱ 10፣ ንጹሕ ውሃ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይፈቀዳል። ሆስፒታሉ ሌላ ሰዓት ከነገራችሁ የእነሱን ያዙ። ልጁ በማደንዘዣ ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ይገባል፤ ክልከላው ለዚህ ነው። የአብሽ ውሃ ከውሃ አይቆጠርም። ቅቤ ማላስም ምግብ ነው፤ እናት ሳታውቅ አያት ንጋት ላይ ታልሰዋለች፣ ስለዚህ ነርሷ ስትጠይቅ አያትም ትጠየቅ። የቀመሰ ነገር ካለ እውነቱን ተናገሩ። ቢበዛ ተራው ይዘዋወራል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ጉንፋን አለበት፣ ልደብቀው?

መልስ፦ አይሆንም። ትኩሳት፣ እርጥብ ሳል ወይም ወፍራም ንፍጥ ካለ የመተንፈሻ ቱቦው በማደንዘዣ ጊዜ በቀላሉ ይኮማተራል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠበቃል። ቡድኑ ከዚያ በፊት የሚሄድ ከሆነ ቀጣዩ ዙር ላይ ስሙን አስመዝግቡ።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ ተራ ለማስያዝ ገንዘብ የጠየቀን ሰው አለ።

መልስ፦ ደላላ ነው፣ አትክፈሉ። ምዝገባው ነፃ ነው፤ የሚለየው የሐኪሙ ምርመራ እንጂ ቀድሞ የደረሰ አይደለም። ነፃ ያልሆነው ሌላ ነው፦ ትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ምግብ፣ የቀረ የቀን ሥራ። ቢያንስ ለአምስት ቀን አስባችሁ ውጡ።

ጥያቄ (ሱሉልታ)፦ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ሃይማኖት ቀይሩ ይሉናል? ጸበልስ ይከለከላል?

መልስ፦ ሕክምናው በእምነት የሚመነዘር ከሆነ ነፃ አይደለም። በደንብ በሚሠራ ቦታ የመንፈሳዊ አገልግሎት ሰው «እንጸልይልዎ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አይ» ካሉት ስሙም ተራውም አይነካም። የንስሐ አባትዎ መጥተው ቢጸልዩልዎ፣ ሙስሊሙም ሼኩን ቢያስጠራ መብት ነው። ጸበል መጠጣት እንደ ውሃ ስለሚቆጠር ከቀዶ ጥገናው 2 ሰዓት በፊት ይቁም፤ ቁስል ላይ ግን አይፈስም። የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ለጸበል ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል።

ጥያቄ (ለገጣፎ፣ የአጥቢያ ወጣቶች)፦ በምን እናግዝ?

መልስ፦ ኦሮምኛና አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ከሁሉ በላይ ይፈለጋል። ቀጥሎ ለአስታማሚ ሻይና ምግብ፣ ደም መለገስ። ጸሎት ታካሚው ከፈቀደ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ይሁን፤ ገና በማደንዘዣ የደነዘዘ ሰው አልጋ ሥር ጮክ ብሎ መጸለይና መስበክ ተገቢ አይደለም። «እግዚአብሔር ዛሬ ይፈውስሃል» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ስፌቱ ቢከፈት እምነቴ ጎድሎ ነው ብሎ ራሱን የሚወቅሰው ታካሚው ነው። የሕፃናትን ፎቶ አታንሡ።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል መርከቡ ወደኛስ ይመጣል?

መልስ፦ የሆስፒታል መርከብ የሚልከው ክርስቲያናዊ ድርጅት ሜርሲ ሺፕስ በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፣ ሥራው ወደብ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ባሕር የለንም።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ቆልማማ እግር ይዞ ተወልዷል። እህቴም ከወለደች ጀምሮ ሽንቷ ያመልጣታል።

መልስ፦ ሁለቱም ዘመቻ አይጠብቁም። ለእግሩ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አለ። በየሳምንቱ ጀሶ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ጊዜ፤ ከዚያ የተረከዝ ጅማት በትንሹ ይበጣል፤ ቀጥሎ ልዩ ጫማ በቀን 23 ሰዓት ለ3 ወር፣ ከዚያ በኋላ ለሌሊት እስከ 4 ዓመት። እግሩ ዳነ ተብሎ ጫማው ሲጣል ይመለሳል፤ ዋናው ውድቀት ይህ ነው። እህትህን ወደ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ውሰዳት፣ ሕክምናው ነፃ ነው፤ ፊስቱላ በወሊድ ጊዜ የሚፈጠርና ሽንት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው። ሆስፒታሉን የመሠረቱት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከወለደች ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ተነሡ፤ ትንሽ ቀዳዳ በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ብቻ ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ (አለም ገና)፦ ሐኪሞቹ ከሄዱ በኋላ ቢደማስ?

መልስ፦ ስትወጡ የሚቀረው የአገር ውስጥ ሐኪም ስልክ ወረቀቱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ፣ ካልተጻፈ አትውጡ። ጡት ለከንፈር ወዲያው ይፈቀዳል። ላንቃ ከሆነ ለ3 ሳምንት የተጣራ አጥሚትና ሾርባ በሲኒ ብቻ፤ ማንኪያ ወደ አፍ አይገባም፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ የለም። ክርኑን እንዳያጥፍ ካርቶን በጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩለት፣ በየጊዜው እየፈታችሁ ቆዳውን እዩ። ስፌቱ የሚጠረገው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ ቅቤና የቡና ዱቄት አይነካውም። ትኩስ ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም መጠጣት እምቢ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወተት በአፍንጫው ከወጣ ግን አትደንግጡ፤ ላንቃው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ከ6 ወር በኋላ ይደገማል።