መልስ፦ ጀልባ ሞተር ላይ የሚጻፈው «ሆርስ ፓወር» ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ጣና ላይ በምትሠራበት ጀልባ ሞተር የተጻፈው «40 ሆርስ ፓወር» ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀሃል። በአማርኛ የፈረስ ጉልበት ነው፤ የሞተር ኃይል መለኪያ ማለት ነው። ቃሉን በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው። የእንፋሎት ሞተር ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ገዢዎቹ ደግሞ ወፍጮ በፈረስ የሚያስዞሩ ናቸው። «ይሄ የስንት ፈረስ ሥራ ይሠራል?» ለሚለው መልስ ያስፈልገው ነበር። ነጋዴ አይደል!

አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው (ዋት እዚህ ላይ የኃይል መለኪያ ነው፣ የሰውየው ስም አይደለም)። 76 ኪሎ የሚሆን ሸክም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ሽቅብ ማንሳት በለው። እውነተኛ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ይህን አይችልም፤ ለጥቂት ሰከንድ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ያወጣል። በዚህ ስሌት የጢስ ዓባይ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ 73 ሜጋ ዋት (73 ሚሊዮን ዋት) ወደ 98 ሺህ ፈረስ ይመጣል። ሞተር ልትቀይር ከሆነ ግን የጀልባዋን ክብደትና የምትጭነውን ሰውም አስላ።