በአንድ ድስት የሚሠራ ፓስታ ለሚላቆጥባት እህታችን

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ከሥራ ወጥቼ ቤት ስገባ 12 ሰዓት ያልፋል፣ ልጆቹ ርቧቸው ይጠብቁኛል፣ ያለችኝ አንዲት ምድጃ ናት፣ ፓስታውን ከስጎው ጋር በአንድ ድስት ስሠራው እየላቆጠ አስቸገረኝ» ብለሽ ጠይቀሻል። ለነገ ምሳ ዕቃ ይሆን እንደሆነም ጠይቀሻል። ከጥያቄሽ ሥር ሌሎች የሰጡሽን መልሶች ሁሉ አነበብኩ። ግማሹ «ውሃ አብዢበት» ይልሻል፣ ግማሹ «ለየብቻ ቀቅዪው» ይልሻል። ለየብቻ የምትቀቅልበት ጊዜና ምድጃ ያላት ሴት መች ይህን ትጠይቃለች? ውሃ አብዢ የሚለውን ደግሞ በፍጹም አትስሚ። የሚያላቁጥብሽ እሱ ነው።

እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ፣ ሽምብጥ ሰፈር። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የማታ ተረኛ በሆነች ቁጥር እራት የኔ ነው። ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ማታ የተማሪ ደብተር ይጠብቀኛል። ስለዚህ ያንቺን ኑሮ አውቀዋለሁ። በአንድ ድስት ፓስታ ዛሬ በቤታችን የታወቀ የኔ ሙያ ነው፤ ልጆቼ «ዛሬ አባዬ ነው የሚሠራው?» ብለው ሲጠይቁ ደስ ይለኛል፣ አልደብቅሽም።

1. ውሃውን ለኪው። በዓይን አይሆንም። ፓስታ ስትቀቅዪና ስታጠልዪ ከውስጡ የወጣው ስታርች፣ ማለትም የሚያጣብቀው የዱቄቱ ክፍል፣ ከውሃው ጋር ይደፋል። በአንድ ድስት ሲሠራ ግን የሚደፋ ነገር የለም፣ ስታርቹ እዚያው ቀርቶ ስጎውን ያወፍረዋል፣ ከፓስታው ጋርም ያያይዘዋል። ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። ውሃው ከበዛ ግን እስኪመጥ ድረስ ፓስታው ይፈርሳል። ለ500 ግራም እሽግ በግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ሁለት ተኩል ውሃ በቂ ነው፤ ድስቱ ሰፊና ክዳኑ የሚገጥም ከሆነ። ክዳን ከሌለሽ የዚያችኑ ሃይላንድ ግማሽ ያህል ሙቅ ውሃ በተጠባባቂነት ያዢ፣ በአንዴ ግን አትጨምሪው። ጨውም እንደዚሁ ነው። በሚጠለል ፓስታ ላይ የለመድሽውን ጨው እዚህ ካደረግሽ አይበላም፣ ምክንያቱም ሁሉም እዚያው ይቀራል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሪ፣ በመጨረሻ ቅመሽና ካነሰ ጨምሪ።

እሽጉ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ደግሞ አትመኚው። ከውጭ በሚመጣው ላይ «8 ደቂቃ» ተብሎ የሚጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት፣ ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነች፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈለገ እሳቱን ብታበረቺው ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ የሚጨምረው ትነቱ ብቻ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የምሰጠው ምሳሌ ፓስታ ነው። ስለዚህ ከተጻፈው ላይ ሁለትም ሦስትም ደቂቃ ጨምሪ፤ ከዚያ አንዱን ዘንግ አውጪና በጥርስሽ ቁረጪው፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው፤ ነጥቡ ሊጠፋ ሲል አውርጂው። ክዳኑ እንደተከደነ ሲቆይ ራሱን ይጨርሳል።

2. ፓስታውን እወቂው። እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ፣ ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው።

ዋጋ ሊጨምር ነው ተብሎ የተወራ ሰሞን ነበር። ከዘወትር ሱቃችን ትቼ ገበያ አካባቢ ካለ አንድ አከፋፋይ ሙሉ ካርቶን፣ 20 እሽግ ገዛሁ። ነጋዴው «ንጹሕ ዱረም ነው፣ ጣሊያን እንኳን እንዲህ ዓይነት አያገኝም» ብሎ ማለልኝ፤ ዱረም ለፓስታ የሚመረጠው ጠንካራው ስንዴ ነው። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለኝ። ቤት ወስጄ በለመድኩት ልክ፣ በለካሁት ውሃ ሠራሁት፤ ሳይበስል ውጩ ፈረሰ፣ መሃሉ ጥሬ ቀረ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው እንደ ገንፎ ሆነ። ልጆቹ እራታቸውን ዳቦ በሻይ በሉ። እኔም እጄ ነው ብዬ አላለፍኩትም። ከዘወትር ሱቃችን አንድ እሽግ ገዛሁና ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ በሁለት ብርጭቆ፣ እኩል የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። የደህናው ውሃ ጥቂት ብቻ ደፈረሰ። የካርቶኑ ግን ነጭ ሆነ፣ ከብርጭቆው ሥር ዱቄት ረጋ። ፎቶ አነሳኋቸውና ያልተከፈቱትን እሽጎች ይዤ ሄድኩ።

ነጋዴው ፎቶውን እንኳ አላየልኝም። ሰው በተሞላበት ሱቅ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወንድ ልጅ ፓስታ መቀቀል ከመቼ ወዲህ ነው የሚያውቀው? ሂድ ሚስትህን ላካት!» አለኝ። ከቆሙት ደንበኞች መሃል የማስተምረው ልጅ አባት ነበር። ሰዎች ሳቁ። የገንዘቡን ነገር እንኳ ረስቼዋለሁ፣ ያ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሚስቴ በሽተኛ ስትጠብቅ የምታድር ሴት ናት። ልጆቿን የሚያበላ ባል ስላላት ማን ነው የሚያፍረው?

ከዚያ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የመዝገቡ ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «ደረሰኝ?» አለኝ። አልሰጠኝም፣ ያልሰጠኝ መሆኑም የአቤቱታዬ አካል ነው ብዬ ባስረዳው «ያለ ደረሰኝ ምንም አንረዳህም» ብሎ ወደ ቀጣዩ ተመለከተ። በማግስቱ ብመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እኮ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ በነጋዴው ዘንድ በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ እንዳይሰደብም ይላል። እኔ አንብቤዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው አንብቦት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አያመናጭቀኝም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ በቅናሽ ነው ቢሉሽም መጀመሪያ አንድ እሽግ ብቻ ግዢ፣ ደረሰኝም ተቀበዪ። እሽጉን ወደ ብርሃን ያዢው፤ ደህና ፓስታ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ስትሰብሪው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ነጣ ያለ፣ ከእሽጉ ሥር ብናኝ የጠራቀመ፣ ብዙው አስቀድሞ የተሰባበረ ከሆነ ተዪው። ዱረም ስንዴ ጠንካራ ነው፣ ፕሮቲኑ ስታርቹን አጥብቆ ይይዘዋል። ለዳቦ የሚሆነው ለስላሳው ስንዴ ግን የአንድ ድስት አሠራርን አይችለውም፣ ስታርቹን ቶሎ ይለቃል። የብርጭቆውን ፈተናም ሞክሪው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጅብሽ። ያንን ካርቶን ምን አደረግኸው ካልሽኝ፣ እየሰባበርን ከካሮትና ከድንች ጋር ሾርባ ውስጥ ጨመርነው፤ ለሾርባ መላቆጡ ጉዳት የለውም።

3. አሠራሩ ብዬ ልቆጥርልሽ ነበር፣ ግን አንዱ ከአንዱ የተያያዘ ስለሆነ በቁጥር አይለይም፣ ዝም ብዬ እንደምሠራው ልንገርሽ።

ጠዋት መብራት ሲኖር ውሃ አፍልቼ በፔርሙስ አስቀምጣለሁ። ይህች ብቻ ማታ ብዙ ጊዜ ትቆጥብልሻለች፣ ምድጃሽ የኤሌክትሪክ ከሆነች ደግሞ (የኔም ናት) ውሃ እስኪፈላ የምታጠፊው ጊዜ ነው ትልቁ። ማታ ስገባ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ በግማሽ የቡና ሲኒ ዘይት አቁላላለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ አራት አምስት ቲማቲም። ቲማቲሙ ላይ አትቸኩዪ። ውሃው መጦ ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን ብቅ እስኪል ድረስ ጠብቂ፤ ከዚያ በፊት ውሃ ከጨመርሽ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ያንን ሽታ በኋላ ምንም አያጠፋውም። በበጋ የፎገራ ቲማቲም ሲረክስ እንደልብሽ አድርጊ፣ ክረምት ሲወደድ ሁለት ቲማቲምና አንድ ማንኪያ ሳልሳ ይበቃል። ካሮት በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ እጨምራለሁ፣ ልጆቹ ሳያዩት ይበሉታል።

ፓስታውን ከመሃል ሰብረሽ እላዩ ላይ አመሳቅለሽ በትኚው፣ አንድ ላይ አትጨብጪው። መኮሮኒ ከሆነ ይቀላል፣ ለትንንሽ ልጆችም ይሻላል። የፔርሙሱን ሙቅ ውሃ ለክተሽ አፍስሺበት፣ ጨው፣ ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃ ከማማሰያሽ አትለዪ። ፓስታ እርስ በርሱ የሚለጠፈው ያኔ ነው፤ ውጩ እየለሰለሰ፣ ገና ሳያብጥ። ያን ካለፈ በኋላ ክደኚው፣ እሳቱን ቀንሺው፣ በየመሃሉ አንዴ እስከ ታች ማማሰል ይበቃል።

መድረሱን በድምፁ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ የውሃ ፍል ድምፅ ነው፤ እየመጠጠ ሲሄድ አረፋው ወፍሮ ቡፍ ቡፍ ማለት ይጀምራል። ያኔ ማማሰያሽን በድስቱ ሥር አንዴ ስቢው፤ ፈለጉ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ከቆየና ስጎው ቀስ ብሎ ከሞላው ደርሷል። ወዲያው አውርጂ። ቃሪያና የሎሚ ጠብታ ካወረድሽ በኋላ ነው። በርበሬ ከፈለጋችሁ ከሽንኩርቱ ጋር ይቁላላ። የጥብስ ቅጠል አንድ ቅርንጫፍ ከቲማቲሙ ጋር ብትጨምሪ ቤቱ ሁሉ ይሸታል።

ረቡዕና ዓርብ ምንም አይጎድለውም፣ በዘይት ብቻ ነው የሠራነው፣ ስታርቹ ራሱ የቅቤን ያህል ያለሰልሰዋል። በፍስክ ቀን ግን የጣናን ዓሣ ሳታስቢ አትለፊ፣ ከኛ ደጅ ነው ያለው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ፊሌቶ ተደርጎ የወጣለትን በትንሽ በትንሹ ቆርጠሽ፣ በጨውና በሎሚ አሽተሽ፣ እዚያው ድስት ውስጥ ከሽንኩርቱ በፊት በሞቀ ዘይት ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ አውጪው። ፓስታው ሊደርስ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መልሺው። ከመጀመሪያው አብሮ ከገባ ተፈረፋፍሮ ይጠፋል። «ነጭ ዓሣ» የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ ለሾርባ ግሩም ነው፣ ደቃቅ እሾህ ስለሚበዛው ግን ለልጆች ፓስታ አልመክርሽም።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋብሽ አትደንግጪ፣ ክዳኑንም አትክፈቺ። ፓስታው ፈልቶ አራት አምስት ደቂቃ ከሄደ ውስጡ ያለው ሙቀት ብቻውን ያበስለዋል፤ ድስቱን ከምድጃው ሳታነሺ፣ ወይም አንስተሽ በጋቢ ጠቅልለሽ ሩብ ሰዓት ተዪው። ወፍራም ድስት ይሻላል፣ ስስ ድስት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። እኛ ቤት እንደዚህ ሆኖ በሻማ ተበልቷል፣ ጣዕሙ ላይ ለውጥ አልነበረውም።

ለነገ ምሳ ዕቃ ላልሽው፣ ይሆናል። የልጆቹን ድርሻ ማታውኑ፣ ነጭ ነጥቡ ገና ሳይጠፋ ቀድመሽ አንሺላቸውና ሳትከድኚ አቀዝቅዢው፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ጠዋት ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርገሽበት፣ ከድነሽ በትንሽ እሳት ስታሞቂው ስጎው ይላቀቃል፣ ፓስታውም ያኔ ነው በስሎ የሚያልቀው። ዓሣ የገባበትን ግን ለምሳ ዕቃ አትቋጥሪ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ቦርሳ ውስጥ በባሕር ዳር ሙቀት አይቆይም፤ እሱን ማታውኑ ጨርሱት።