ጥያቄና መልስ፦ ሂዩማን ፋክተርስ (የሰው ተፈጥሮና የሥራው ሁኔታ በስህተት ላይ ያላቸው ድርሻ) ሥልጠናና የስጋት ግምገማ

ጥያቄ፦ በስጋት ግምገማችን ላይ «ሠራተኞቹ ሠልጥነዋል» ብለን አንዱን ስጋት ከቀይ (ከፍተኛ) ወደ አረንጓዴ (ዝቅተኛ) አወረድነው። ልክ ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም። ሥልጠና እውቀት ይጨምራል እንጂ እንቅልፍ አያባርርም። ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የመኪና ማመላለሻ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1987 የፊት በሯ ሳይዘጋ ከቤልጂየሙ ዜብሩጅ ወደብ ወጣች። ወዲያው ተገለበጠች፤ 193 ሰው ሞተ። በሩን የሚዘጋው ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። መዘጋቱን የሚያረጋግጠው መኮንን ደግሞ በመነሻ ሰዓት ካፒቴኑ ዘንድም መገኘት ይጠበቅበታል። ካፒቴኑ ከቆመበት በሩ አይታየውም። ጠቋሚ መብራት እንዲገጠም ቀደም ሲል ተጠይቆ ኩባንያው አልተቀበለውም። እስቲ ንገሩኝ፣ የተኛውን ሰው እንደገና ብናሠለጥነው ከዚህ ሁሉ የቱ ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ የስጋቱን የመድረስ ዕድልና ጉዳት የምንመዝንበት ሰንጠረዥ 5 በ5 ደረጃ ይሁን 4 በ4?

መልስ፦ የፈለጋችሁትን። መጀመሪያ ስጋቱን በትክክል ጻፉት።

ጥያቄ፦ ለሌሊት ሾፌሮች ምን ሥልጠና ይሰጥ?

መልስ፦ ከሥልጠናው በፊት ፈረቃውን አሳዩኝ። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ሰውነት እንቅልፍ አጥብቆ ይፈልጋል። 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ይህን ማወቁ ብቻውን አያነቃውም። ፈረቃውን አስተካክሉ። ከዚያ ሾፌሩ «ደክሞኛል» ማለትን፣ ስምሪት ክፍሉ ደግሞ ያንን መቀበልን ይሠልጥኑ። አንዱን ብቻ ማሠልጠን ዋጋ የለውም።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ የተሳሳተ ሰው ካልተቀጣ እኮ ማንም አይጠነቀቅም።

ሌላ አባል፦ ከቀጣኸው ነገ ማን ስህተቱን ይነግርሃል?

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ሰክሮ የነዳውንም ልሸልመው?

ሌላው፦ ማን ሸልመው አለህ?

መልስ፦ ኧረ ተረጋጉ። ሰክሮ መንዳትና የመንገድ ምልክት ሳያዩ ማለፍ አንድ አይደሉም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሌላ ብቁ ሰው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቢሆን ይሳሳት ነበር? ነበር ካላችሁ፣ የተሳሳተውን ቀጥታችሁ ወጥመዱን ለተተኪው ትታችሁለታል።

ጥያቄ፦ ስለ ሂዩማን ፋክተርስ ጠቅለል አድርገው ቢያብራሩልን?

መልስ፦ እንዲህ ተጠይቄ መመለስ አልችልም። የምን ሥራ ነው? ማን ይሠራዋል? በስንት ሰዓት? ይህን ይዛችሁ ኑ።

ጥያቄ፦ ከሥልጠና በኋላ ስጋቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። ሥራው ላይ የተለወጠውን ነገር ካላሳያችሁኝ አይቻልም።