ብራናው እስኪደርቅ ጠብቁ

ልጆቼ፣ ብራና በቤት ዕቃ ላይ ማልበስ ለመማር ወርክሾፕ የምትመጡት እየበዛችሁ ነው። ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ደንበኛ የኮሞዲኖ በር በብራና አልብስልኝ አለኝ። ሰርጉ ደርሶ ስለነበር ቸኮልኩ። የበሩን ፊት ብቻ አልብሼ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ማታ ስመለስ በሩ ወደ ብራናው በኩል ጎብጦ ጭልፋ መስሏል።

ብራና እንደ ጫማ ቆዳ የለፋ አይደለም። ሌጦው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ እዚያው እንደተወጠረ ይደርቃል። ውኃ ሲነካው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ደግሞ የተለጠፈበትን እንጨት ይዞት ይሄዳል። ጉልበቱን አትናቁት። አሁን ፊትና ጀርባውን እኩል አለብሳለሁ። ሁለቱ ሲሳሳቡ በሩ ቀጥ ይላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ክረምት ላይማ ቀን መቁጠሩንም ትቼዋለሁ።

ደግሞም ብርሃን ያሳልፋል። የእንጨቱ ቀለም፣ የኮላ ጠብታ፣ አንዲት ፀጉር ሳትቀር ከሥሩ ትታያለች። ስለዚህ እንጨቱን አስቀድማችሁ ነጭ ወረቀት አልብሱት።

ፓሪስ ውስጥ የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪው ዣን-ሚሼል ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ግድግዳና ጠረጴዛ በብራና ያለብስ ነበር። ብራናው ራሱ ግን ለእኛ የቤት ልጅ ነው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች የተጻፉት በፍየል ብራና ላይ ነው፤ በካርቦን ልኬት ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ብራና የሚዳምጡ አባቶች ዛሬም አሉ። ሂዱ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እጃቸውን እዩ። ስትገዙም አትከራከሯቸው። ድካሙን አይታችሁታል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የተጻፈበትን ብራና አትንኩ። ከመጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ይዞ «ይሄን ጠረጴዛ ላይ ለጥፍልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ጥሩ ገንዘብም ይከፍላል። እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰው ብዬ እሸኘዋለሁ። ያ ቅጠል የሚጎድልበት መጽሐፍ አንድ ቦታ አለ።

ሰሞኑን አንዷ ተማሪዬ ጭረት ያለበት ብራና አሳየችኝ። ፍየሏ በሕይወት ሳለች እሾህ የቧጨራት ቦታ ነው። «ይሄን ቆርጬ ልጣለው?» አለችኝ። ብራናውን አዙሬ ጭረቱን ከምታለብሰው በር እጀታ አጠገብ አዋልኩት፤ የሚከፍተው ሰው ጣት በየቀኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። በሩ አሁን ጥላ ውስጥ ነው። ማክሰኞ አብረን እናየዋለን።