አባትና እናት በሕይወት ሳሉ የሚጠየቅ ጥያቄ

ልጆቼ፣

ጎጃሜ ሙግት ይወዳል እያሉ ሲቀልዱብን እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ግን በሳቅ ብቻ አላልፈውም። በርስት ዘመን አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከዋናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ካስረዳ መሬት የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ ትውልድ መቁጠር፣ ምስክር ማዘጋጀትና ዳኛ ፊት ቆሞ መናገር ለአያቶቻችሁ ከእርሻው እኩል የኑሮ ሥራ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቷ ለባለቤቷ» የተባለውም በዚያው መንፈስ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው። የሙግቱ ልማድ ግን አልፈረሰም፤ ከርስት ወጥቶ ወደ ውርስ ገባ።

በዳኝነትም በጥብቅናም ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ከሞጣ እስከ ደጀን ብዙ ወንድምና እህት በአንድ ችሎት በግራና በቀኝ ቆመው አይቻለሁ። አብዛኞቹ ስግብግቦች አልነበሩም። ወላጆቻቸው ሳይናገሩ፣ እነርሱም ሳይጠይቁ ቀርተው ነው። አባት በሕይወት እያለ ስለ ንብረቱ የሚጠይቅ ልጅ ሞቱን የተመኘ ይመስለዋል፤ አባትም የሚናዘዝ ቀን የሚሞት ይመስለዋል። በዚህ ይሉኝታ መካከል ሕጉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ይሉኝታውን መስበር የእናንተ ድርሻ ነው።

ቀብሩ አልቆ ሐዘንተኛው ሲበተን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይወርሳል?» የሚል ይሆናል። ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሟች በእርግጥ የራሱ የሆነ ምን ነበረው? ልጆች «የአባታችን ቤት» ሲሉ የምሰማው ቤት ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የአባትና የእናት ቤት ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ ካርታው በማንም ስም ቢወጣ። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ መነሻው ይህ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ከሁሉ አስቀድማ ግማሿን ታነሳለች። ያን የምትወስደው ወርሳ ሳይሆን የራሷ ስለሆነ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ እናት ድርሻ የላትም፣ ለልጆች ይሄዳል። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የትዳር ጓደኛ በሕግ ወራሽ አይደለም።

በቁጥር ላሳያችሁ። አባት ሞተ፤ እናት አለች፤ ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ከአባቱ ቀድሞ አርፏል፣ ሁለት ልጆችም ትቷል። ቤቱ የጋራ ነው። እናት ግማሹን ትወስዳለች። የቀረው ግማሽ በሦስት ይካፈላል፤ በሕይወት ያሉት ሁለቱ ልጆች ከጠቅላላው ቤት 1/6ኛ፣ 1/6ኛ ያገኛሉ። ከአባቱ ቀድሞ ያረፈው ልጅ ድርሻ የሆነው 1/6ኛ ለሁለቱ ልጆቹ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዳቸው 1/12ኛ። «አባታቸው ስለሞተ የአያታቸው ነገር አይመለከታቸውም» የሚል አጎት በየቀበሌው አይጠፋም። ይመለከታቸዋል፤ በአባታቸው ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ።

ሴት ልጅ ተድራ ስለወጣች ድርሻዋ አይቀርም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ልጅነቱ እስከተረጋገጠ ድረስ በጋብቻ ከተወለደው እኩል ነው፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደዚሁ። የእንጀራ ልጅ ግን ጉዲፈቻ ካልተደረገ የእንጀራ አባቱን አይወርስም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አባዬ» እያለ ቢያድግም። ይህ ያሳዝነኛል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ኑዛዜ ነው መድኃኒቱ።

ወደ ኑዛዜ ልግባ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ልማድ ሰው ሲታመም የንስሐ አባቱን ያስጠራል፣ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ በሽተኛው ከመደቡ ላይ ሆኖ «ቤቱ ለእገሊት፣ በሬዎቹ ለእገሌ» ይላል። የሰማው ሁሉ እግዚአብሔርን ፈርቶ ይፈጽመዋል ብለን እናስባለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦ ነው የተቀበለው። በሁለት ምስክሮች ፊት ይደረጋል፤ ተናዛዡ ሦስት ወር ከኖረ ይፈርሳል። ሊባልበት የሚችለውም ጥቂት ነገር ነው፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆቹ ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ። 500 ብር! ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን አንድ ዶሮ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ በቃል የተሰጠ ቤት አልተሰጠም። የንስሐ አባታችሁ ቅዱስ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምስክርነታቸው ግን ቤቱን አያሻግረውም።

የሚያዋጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍም ቢሆን ሥርዓት አለው። አንድ ወረቀት ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል ነው፤ በሰማያዊ ቀለም፣ ባማረ እጅ የተጻፈ፣ በላዩ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚል። አባት በመጨረሻ ሕመሙ ላስታመመችው ልጁ የከተማ ቤቱን ይሰጣል። ቀኑ አለ። ከታች አራት ምስክሮች አሉ፤ ሦስቱ ፈርመዋል፣ የአራተኛው የጣት አሻራ ቀለሙ ፈስሶ ወደ ጎን ተሰራጭቷል። የተናዛዡም ፊርማ አለ። የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበቡን የሚናገር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 881 ይህ ሥርዓት መፈጸሙ በራሱ በኑዛዜው ውስጥ እንዲጻፍ ያዛል። ምስክሮቹ «ተነቦልናል» ብለው ማሉ፤ ወረቀቱ ግን አላለም። ኑዛዜው ፈረሰ። ልጅቱ ያስታመመችበትን ዓመታት ማንም አልካደም፣ ድርሻዋ ግን ከወንድሞቿ ድርሻ እኩል ሆነ።

ስለዚህ አባታችሁ «ና፣ ጻፍልኝ» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ። እናንተ የጻፋችሁት በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ አይደለም። ያ የሚባለው ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ጽፎት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ሲያኖርበት ነው። እርሱ ምስክር አያስፈልገውም። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል፤ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ያረጀ ኑዛዜ ብዙ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ከጻፈው፣ ወይም በኮምፒውተር ተጽፎ ከታተመ፣ አራት ምስክሮችን ጥሩና ይነበብ፣ መነበቡም ይጻፍ፣ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ይበቃል። ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት በሕይወት ሳሉ በስጦታ ለመስጠት የሚያስፈልገውም ይኸው ሥርዓት ነው። ተጠቃሚ የሆነ ሰው ምስክር ሆኖ ባይቆም ይሻላል፤ ጎረቤት አይጠፋም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የሚዋደዱ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ፤ ፍቅራቸው ያስቀናል፣ ወረቀቱ ግን ፈራሽ ነው። ኑዛዜ የአንድ ሰው ነው። ሁለት ወረቀት ይጻፉ።

አባት ተቆጥቶ «እገሌ ልጄ አይደለም፣ ከውርሴ ነቅዬዋለሁ» ቢል በቂ አይደለም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ምክንያቱ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ የተጻፈው ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ደግሞ ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ስሙን አለማንሳትም መንቀል አይደለም።

ስለ ገጠር መሬት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ እየተመራችሁ አትከራከሩ። መሬት አይሸጥም፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፣ እርሱም በክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይመራል። መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አውጡና የማን ስምና ፎቶግራፍ እንዳለበት እዩ፤ የእናታችሁ ካለበት ግማሹ ጥያቄ ተመልሷል። ከዚያ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በመሬቱ ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ ግን እንደ ቤቱና እንደ ከብቱ ንብረት ነው፤ ስለ መሬቱ ሲጣሉ ዛፉን አንዱ ልጅ ብቻ ቆርጦ ሲሸጠው አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ በእናንተ ዘመን የመጣ ጉዳይ። እህት አረብ አገር ሠርታ ብር ትልካለች፤ አባት በራሱ ቦታ ላይ ቤት ይሠራበታል፤ ካርታው በእርሱ ስም ይወጣል። እርሱ ሲያርፍ ቤቱ የውርስ ሀብት ይባላል፣ ልጅቱም ከሌሎቹ ጋር እኩል ትካፈላለች። «የእኔ ላብ ነው» ስትል ማስረጃ ይጠየቃል። የሐዋላ ደረሰኝ ብር መላኩን እንጂ ብሩ የተላከበትን ምክንያት አይናገርም። እህታችሁ ገንዘብ መላክ የጀመረች ዕለት ብድር ይሁን፣ መዋጮ ይሁን፣ ስጦታ ይሁን በአንድ ገጽ አስጽፉ። ቤተሰብ ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልገናል የሚለውን ቃል ችሎት ውስጥ እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ወጣቶችን የሚፈትን ነገር አለ። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ሟች ይኖርበት ወደነበረው አካባቢ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ፤ በሩ ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊ «ሌላ ወራሽ የለም ልበል?» ይላችኋል። ጅዳ ያለችውን እህት ወይም ከሌላ እናት የተወለደውን ወንድም መዝለል በዚያች ደቂቃ ቀላል ይመስላል። አትዝለሉ። ማስረጃው ይሰረዛል፣ የሐሰት ቃል ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ማስረጃው ራሱም ወራሽ መሆናችሁን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቤቱ የሟች መሆኑን አይወስንም። የተዘለለው ወራሽም ተኝቶ መቅረት የለበትም፤ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ በማንኛውም ሁኔታ 15 ዓመት ካለፈ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።

ከመካፈል በፊት ዕዳ ይከፈላል፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የባንክ ብድር፣ ሟች ዕጣው ወጥቶለት ያልጨረሰው ዕቁብ። ሕጉ ከሁሉ የሚያስቀድመው የቀብር ወጪን ነው፣ ተዝካርን ግን ከዚያ አይቆጥረውም። ይህን ስነግራቸው የሚቀየሙኝ አሉ። ለአባቱ ተዝካር ሁለት በሬ ያረደ ልጅ ወጪውን ከወንድሞቹ ድርሻ ላይ ሊቀንስ ሲነሳ ጸቡ ከዚያው ይጀመራል፤ ከማረዱ በፊት ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ጸብ የለም። በነገራችን ላይ ሕጉ ኑዛዜ የሚከፈተው ሟች ካረፈ ከ40 ቀን በኋላ እንዲሆን ማድረጉ ከልማዳችን ጋር ይገጥማል፤ ዘመድ ሁሉ ለተዝካር ይሰበሰባልና።

ሽማግሌ አስቀምጦ መካፈልን እደግፋለሁ፣ ከችሎት ይልቅ በርካሽ ያልቃል። ስምምነቱ ግን ይጻፍ፣ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ይኑር።

የመጨረሻው ስለ እናንተው ነው። በቅርቡ ያገባችሁ፣ ልጅ ገና ያልወለዳችሁ፣ «ኑዛዜ ለሽማግሌ ነው» የምትሉ። ነገ አንድ ነገር ቢደርስባችሁ የእናንተ ግማሽ ለባለቤታችሁ አይሄድም፤ ለአባትና ለእናታችሁ ይሄዳል። ባለቤታችሁ በገዛ ቤቷ ከአማቶቿ ጋር የጋራ ባለንብረት ትሆናለች። ይህን ካልፈለጋችሁ አንድ ነጭ ወረቀት ውሰዱ፣ በራሳችሁ እጅ «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ብላችሁ ጀምሩ፣ ለማን ምን እንደምትተዉ ጻፉ፣ በየገጹ ቀን አስገቡ፣ ፈርሙ። ባለቤታችሁም የራሷን ትጻፍ። ከዚያ ሁለቱንም ለፍርድ ቤት ሬጅስትራር አስረክቡና የተቀበለበትን ማስረጃ ተቀብላችሁ ውጡ።