የሎሚው ትል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ ነው የምንኖረው። ግቢያችን ባለው ሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል አገኘን። የ7 ዓመት ልጄ «ቢራቢሮ ስለሚሆን እንዳትነኩት» ብላ ዘብ ቆማለች። ባለቤቴ ደግሞ «አባጨጓሬ ነው፣ ያሳክካል፣ መድኃኒት እንርጭበት» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን ስሚ። መድኃኒቱ ይቅር።

አባጨጓሬ የምንለው ጸጉራሙን ነው፤ የሚያሳክከውም ጸጉሩ ነው። የእናንተው የሎሚ ቢራቢሮ ልጅ ነው። እናቱን ሳታያት አትቀሪም፤ ጥቁርና ቢጫ ናት፣ ክንፏ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ለጋ ቅጠል እየመረጠች አንድ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ ትንሽ ሳለ ወፎች ኩስ መስሏቸው ያልፉታል። ሲያድግ ቆዳው እየጠበበው ደጋግሞ ይገፈዋል፣ በመጨረሻም እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ልጅሽ በስንጥር ቀስ ብላ ትንካው። ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ሽታው ይሰነፍጣል። ጠላት ማባረሪያው ነው፣ ሰው አይጎዳም።

ከዚያ መብላት ያቆማል። ወገቡን በሐር ክር ከግንዱ ጋር አስሮ ድርቅ ይላል። ይሄ ፑፓ የሚባለው ደረጃ ነው። ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት! ውስጡ የትሉ አካል ፈርሶ እንደገና እየተሠራ ነው። 2 ወይም 3 ሳምንት ይፈጃል፤ ብርድ ከሆነ ይዘገያል።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። አስተማሪ ሳለሁ አንዱን በማርማላታ ጠርሙስ አድርጌ፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ ክፍል ይዤ ገባሁ። መሰንጠቅ ሲጀምር የተቸገረች መሰለኝና በመርፌ ከፈትኩላት። ክንፏ እንደተጨማደደ ቀረ። ሳትበር ሞተች። ተማሪዎቼ ዝም ብለው አዩኝ፤ እስካሁን ይከነክነኛል። ቢራቢሮ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና እጥፍጥፍ ነው። ተንጠልጥላ፣ ከሆዷ ፈሳሽ እየገፋች ነው የምትዘረጋው። ስለዚህ ማንም እጁን እንዳያስገባ።

ለባለቤትሽ፦ ዛፉ ትልቅ ከሆነ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት ምንም አይሆንም። ችግኝ ከሆነ ግን ሊጨርሰው ስለሚችል ከነቅጠሉ ቆርጣችሁ ትልቅ ሎሚ ላይ አሳርፉት። ጎመን አትስጡት፣ አይበላም። ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ስለሆነ እዚያ ላይ ብታገኙት ግን አይግረማችሁ።

ልጅሽ ፑፓ የሆነበትን ቀን ደብተሯ ላይ ትጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚወጡት ጠዋት ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ከትምህርት ቤት በፊት ጎራ እያለች ትየው። ስትወጣ ጻፉልኝ።