ከለቀቁ በኋላ የሚቆረጥ የማረፊያ ሂሳብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሆቴል ወይም ከኪራይ ማረፊያ ከወጡ በኋላ በክሬዲት ካርድ ላይ ዘግይቶ ስለሚቆረጥ ክፍያ የተላኩልኝን ጥያቄዎች በዚህ ዓምድ ሰብስቤአቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የጻፉት በንዴት ነው፤ ንዴታቸውም አይፈረድበትም። ይሁንና ካርዱን ያወጣው ባንክ አቤቱታ ሲመረምር በመጀመሪያ የሚያየው ካርድ ያዡ በምን ተስማምቶ እንደነበረና ይህንንም የሚያስረዳ ምን ሰነድ እንዳለ ስለሆነ፣ የክፍያው ፍትሐዊነት ብዙ ጊዜ ለብቻው ጥያቄ ሆኖ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ከሆቴሉ የወጣሁት ሂሳቤን ዘግቼና ደረሰኝ ተቀብዬ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ሆቴል «ተጨማሪ አገልግሎት» በሚል ሌላ ገንዘብ ከካርዴ ላይ ቆረጠብኝ። ሳይጠይቁኝ እንዲህ ማድረግ ይችላሉ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ የሚችሉት ግን እርስዎ አስቀድመው ፈቅደው ከሆነ ነው። ፈቃዱንም የሰጡት ሳያስተውሉት ሊሆን ይችላል። እንግዳ መቀበያው ላይ ሲፈርሙ፣ በመመዝገቢያ ቅጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ በመልቀቂያ ሂሳብ ውስጥ ሳይካተቱ ለቀሩ አገልግሎቶች ካርድዎ እንዲቆረጥ መስማማትዎን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገኛል። የካርድ ድርጅቶችም ይህን አሠራር ያውቁታል። ለምሳሌ ቪዛ ለሆቴሎችና ለመኪና አከራዮች እንዲህ ያለውን ዘግይቶ የሚመጣ ክፍያ የሚፈቅደው እንግዳው ከለቀቀ ወይም መኪናው ከተመለሰ እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ካርድ ያዡ ለዚህ ክፍያ ኃላፊነት ለመውሰድ የተስማማ መሆኑንም ይጠይቃል። ስድስት ሳምንት በዚህ ወሰን ውስጥ ስለሚወድቅ «ዘግይቷል» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያዋጣዎትም። ማተኮር ያለብዎት ክፍያው ምን እንደሆነና ለእሱ ተስማምተው እንደነበር በማጣራት ላይ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለሆቴሉ ሂሳብ ክፍል በኢሜይል ይጻፉ። በስልክ የሚነጋገሩት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ሰው አክባሪ ቢሆን እንኳ በጉዳዩ ላይ የመወሰን ሥልጣን ስለማይኖረው፣ ከንግግሩ በኋላ በእጅዎ የሚቀር ነገር የለም። በደብዳቤው ላይ በእያንዳንዱ መስመር የተዘረዘረውን ሙሉ የክፍል ሂሳብ፣ የፈረሙበትን የመመዝገቢያ ቅጽ ቅጂና ተጨማሪው ክፍያ የተመዘገበበትን ቀን ይጠይቁ፤ መልስ የሚጠብቁበትንም ቀን ቆርጠው ያስቀምጡ።

ዝርዝሩ ሲደርስዎት ድምሩን ትተው በግራ በኩል ያለውን የቀን ዓምድና የክፍሉን ቁጥር ይመልከቱ። ከክፍል ማቀዝቀዣ ውስጥ ተወሰደ የተባለ መጠጥ እርስዎ በለቀቁ ማግስት በሚል ቀን ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ይህ ብቻውን ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን ያየችው በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመሐል ሌላ እንግዳ ገብቶበት ከነበረ ወይም የክፍሉ ቁጥር የእርስዎ ካልሆነ ክርክሩ በዚያው መስመር ላይ ያበቃል። ከእንግዳ ወደ እንግዳ በስሕተት የዞረ የምግብ ቤት ሂሳብም በዚሁ መንገድ ይጋለጣል።

ሆቴሉ ካልመለሰ ወይም የማያረካ መልስ ከሰጠ ወደ ባንክዎ ይሂዱ። በቪዛና በማስተርካርድ ደንቦች ለአብዛኞቹ ምክንያቶች የክፍያ መቃወሚያ፣ ማለትም ቻርጅባክ፣ የሚቀርበው በ120 ቀን ውስጥ ነው። ካርድዎ የወጣው በአውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሌላ በር አለ። የኅብረቱ የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) የክፍያ አገልግሎት መመሪያ፣ ፈቃድ ሲሰጥ ትክክለኛው መጠን ያልተገለጸና በኋላም ከፋዩ በምክንያታዊነት ሊጠብቀው ከሚችለው በላይ የሆነ፣ በተከፋዩ አማካይነት የተቆረጠ ገንዘብ እንዲመለስ ገንዘቡ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ በ8 ሳምንት ውስጥ ለመጠየቅ ያስችላል፤ ባንኩም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ ወይም የማይመልስበትን ምክንያት መግለጽ አለበት። ይህ ጊዜ የሚቆጠረው ሆቴሉን ከለቀቁበት ሳይሆን ገንዘቡ ከተቆረጠበት ቀን ነው፤ አጭር ስለሆነም አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ ቦታ የያዝኩበትን ክፍል በጊዜው ሰርዣለሁ፤ ሆቴሉ ግን «እንግዳው አልመጣም» ብሎ የሙሉ ቆይታዬን ዋጋ ቆረጠ።

መልስ፦ የስረዛ ማረጋገጫ ቁጥርዎን ወይም የስረዛውን ኢሜይል ይፈልጉ። እሱ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሌለ ከባድ ነው። «ከ48 ሰዓት በፊት» የሚለው ገደብ በአብዛኛው የሚቆጠረው ማረፊያው ባለበት ቦታ ሰዓት መሆኑንም ያስተውሉ፤ እርስዎ ቀኑ ሳያልቅ ሰረዝኩ ያሉት እዚያ ነግቶ ሊሆን ይችላል። የስረዛ ፖሊሲውንም ቦታ በያዙበት ቀን እንደነበረ ከማረጋገጫ ኢሜይሉ ላይ ይውሰዱ፤ ዛሬ በሆቴሉ ገጽ ላይ የሚነበበው ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ስረዛው ባይረጋገጥልዎት እንኳ የተቆረጠውን መጠን ይመርምሩ። ካርዱ የተሰጠው ቦታውን ለማስጠበቅ ብቻ ከሆነና አስቀድሞ ምንም ካልተከፈለ፣ በቪዛ ደንብ ባልመጣ እንግዳ ላይ የሚቆረጠው የአንድ ሌሊት ዋጋና ታክሱ ነው። የማይመለስ ዋጋ መርጠው አስቀድመው ከፍለው ከነበረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ርካሹን ዋጋ ያገኙት የመሰረዝ መብትዎን ለውጠው ነውና ባንኩ ብዙም አይረዳዎትም። በወኪል ድረ ገጽ በኩል ከያዙም ገንዘቡን የቆረጠው ማን እንደሆነ በሂሳብ መግለጫው ላይ ይለዩ፤ ስሙ የሆቴሉ ከሆነ ሆቴሉን፣ የወኪሉ ከሆነ ወኪሉን ይጠይቁ፤ አለበለዚያ አንዱ ወደ ሌላው ሲመራዎት ጊዜው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቆይታ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል፤ አንደኛው «በሂደት ላይ» ይላል።

መልስ፦ በሂደት ላይ ያለው መያዣ እንጂ ክፍያ ላይሆን ይችላል። ሆቴሉ ሲገቡ ለሂሳብዎ ዋስትና የያዘው ገንዘብ ባንኩ እስኪለቀው ድረስ ሁለተኛ ክፍያ መስሎ ይታያል። መያዣን በቻርጅባክ መቃወም ስለማይቻል ጥቂት ቀናት ይታገሡ፤ ሁለቱም ወደ ተጠናቀቀ ክፍያ ከተለወጡ ግን የሁለት ጊዜ ክፍያ መሆኑን ገልጸው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ለአጭር ጊዜ የተከራየሁት ቤት ባለቤት ምንጣፍ አበላሽታችኋል፣ ሲጋራም አጭሳችኋል ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። እኛ አናጨስም። ገንዘቡ ዝም ብሎ ከካርዴ ሊቆረጥ ነው?

መልስ፦ የጉዳት ክፍያ ከተረሳ መጠጥ ሂሳብ ጋር አንድ አይደለም። ያልተመዘገበ ቁርስ ዋጋው የታወቀ ነው፤ የጉዳት መጠንና ጥፋተኛው ግን ሁለቱም የሚያከራክሩ ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ ከእርስዎ ይበልጥ ማስረጃ የማቅረብ ሸክም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎም ያንን ሸክም አይቀንሱለት። «ምናልባት ልጆቹ ይሆናሉ፣ ይቅርታ» የምትል አንዲት የትሕትና መልእክት በኋላ እንደ እምነት ቃል ተቆጥራ ትቀርብብዎታለች።

ቤቱ የተያዘው በኤርቢኤንቢ (ቤት ለአጭር ጊዜ በሚከራይበት የኢንተርኔት መድረክ) በኩል ከሆነ አከራዩ የካሳ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት እንግዳው ከለቀቀ በ14 ቀን ውስጥ ነው፤ እንግዳውም ጥያቄው ሲደርሰው መልስ ለመስጠት የሚኖረው ጊዜ 24 ሰዓት ነው። በዚያች አጭር ጊዜ በመድረኩ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ክሱን እንደማይቀበሉ በግልጽ ይጻፉ፤ በግል ስልክ አይከራከሩ። ከዚያም የጉዳቱን ፎቶ ከነተነሣበት ቀን፣ ከእርስዎ በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ፣ እንዲሁም የጥገና ወይም የጽዳት ደረሰኝ ይጠይቁ። ለአዲስ ምንጣፍ ሙሉ ዋጋ ከተጠየቁ የምንጣፉን ዕድሜ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ለዓመታት የተረገጠ ምንጣፍ የአዲስ ዋጋ የለውም። በማጨስ በተከሰሱ ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ «ሽታ አለ» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፣ ማን ቃሉን እንደሰጠና መቼ እንደሆነ ያስጽፉ። እርስዎ ሲወጡ ያነሷቸው ፎቶዎች ካሉም ዋናውን ፋይል ያስቀምጡ፤ በመልእክት መላኪያ አፕ ሲያልፍ ቀኑና ሰዓቱ ሊጠፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ነገሩን ለማፋጠን ለባንኩ «ይህን ክፍያ አላውቀውም፣ ተጭበርብሬያለሁ» ብል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ትልቅ ችግር አለው። በእርግጥ ያረፉበት ቤት ከሆነ ሆቴሉ ፊርማዎንና የመታወቂያዎን ቅጂ ይልክና አቤቱታዎ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ትክክለኛውን ምክንያት በኋላ ሲያነሱም የሚያምንዎት አያገኙም። ባንኩ ማጭበርበር ሲባል ካርዱን ስለሚዘጋው በጉዞ ላይ ካሉ ሌላ ጣጣ ይጨመርብዎታል። የቅሬታው ስም ነገሩን ይወስናል፦ መጠኑ ከተስማሙበት በልጦ ከሆነ የመጠን ስሕተት፣ ሰርዘው ከሆነ የተሰረዘ አገልግሎት፣ ክፍሉ ሳይሰጥዎት ከቀረ ያልቀረበ አገልግሎት ነው። በመግለጫው ላይ የሚታየው ስም እንግዳ ቢሆንብዎም አይደናገጡ፤ ብዙ ሆቴሎች የሚቆርጡት በባለቤቱ ኩባንያ ስም ነው።

ጥያቄ፦ ክርክሩ እስኪያልቅ የካርዱን ሂሳብ መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ እንደ ካርዱ አገር ሕግ ይለያያል። በአሜሪካ የክሬዲት ሂሳብ ስሕተትን በሚመለከተው የ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት ስሕተቱ የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ ለዚህ ጉዳይ ባስታወቀው አድራሻ በጽሑፍ ያመለከተ የክሬዲት ካርድ ደንበኛ፣ ምርመራው እስኪያልቅ የሚከራከርበትን መጠን ሳይከፍል ማቆየት ይችላል፤ የቀረውን ግን መክፈል አለበት። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው እንደደረሰው ያሳውቃል፤ ጉዳዩንም በሁለት የሂሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን ይጨርሳል። ይህ ለዴቢት ካርድ አይሠራም፤ እዚያ ገንዘቡ አስቀድሞ ከሂሳብዎ ወጥቷል። በሌላ አገር ሕጉን እስኪያረጋግጡ ቢያንስ ዝቅተኛውን ክፍያ አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ባንኩ ገንዘቡን መልሶልኝ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ወሰደብኝ። አሸንፌ አልነበረም?

መልስ፦ አላሸነፉም ነበር። የመጀመሪያው ተመላሽ ጊዜያዊ ነው፤ ሆቴሉ መልስ የመስጠት ዕድል አለው፤ ሰነድ ሲልክ ገንዘቡ ወደ ሆቴሉ ሊመለስ ይችላል። አሁን የሚያስፈልግዎት ሆቴሉ የላከው ሰነድ ነው፤ ቅጂውን ከባንኩ ይጠይቁና ለእያንዳንዱ ነጥብ በጽሑፍ መልስ ይስጡ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደገና መላክ ጊዜ ማባከን ነው።

በብሪታንያ ካርድ ያለው ሰው ከቻርጅባክ ሌላ የሕግ መብት አለው። የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 ለማይበልጥ ነገር በክሬዲት ካርድ ሲከፈል፣ ሻጩ ውሉን ቢያፈርስ ካርድ አውጪው አብሮ ተጠያቂ እንዲሆን ያደርጋል። በወኪል በኩል የተከፈለ ከሆነ ግን ይህ መብት ሊያከራክር ይችላል። ባንኩ በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካዎት ወደ ፋይናንስ ጉዳዮች እንባ ጠባቂው መሄድ ይቻላል፤ የመጨረሻው መልስ ከደረሰም ለዚህ ያለው ጊዜ 6 ወር ነው።

ጥያቄ፦ ካርዱን ብዘጋው እንደገና ሊቆርጡብኝ ይችላሉ?

መልስ፦ መዝጋቱ መፍትሔ አይደለም። የካርድ ድርጅቶች አዲሱን ቁጥር ለነጋዴዎች የሚያሳውቁበት አገልግሎት ስላላቸው ቁጥር መለወጥ ብቻውን ላያግደው ይችላል፤ ሆቴሉ ዕዳ አለብህ የሚል ከሆነም ዕዳው ከካርዱ ጋር አይሰረዝም። ይልቁንም ለሆቴሉ ካርድዎን ዳግም ለማንኛውም ክፍያ እንዳይጠቀም ፈቃድዎን ማንሳትዎን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የዚያኑ ደብዳቤ ቅጂም ለባንኩ ይላኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ገንዘብ ቢቆረጥ የፈቃዱ ጥያቄ ላይ ባንኩ የሚያየው ያንን ደብዳቤ ይሆናል።